ለመንገደኛ የተለቀቀ መሬት

በ፲፱፻፺፮ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከምሥራቅ ተነሥቶ ካርቱምን ሸፈነ፤ ሐጅ ዩሱፍ የሚባለውን የዳር ሰፈር አልብሶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ የባለሥልጣኑን ሰፈር ከቀን ሠራተኛው ሰፈር ሳይለይ ሁሉንም አንድ መልክ አስያዘው። አቧራው ባረፈ ጊዜ የሐጅ ዩሱፍ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አልጋውን አራገፈ፤ ፍየሉን ፈለገ፤ ደጁን ጠረገ። ከኢትዮጵያ የተሰደደችው ዘኪያ ግን ከሁሉ በፊት ከግንቡ ውጭ ወደ ቆሙት ጋኖቿ ሄደች፤ ክዳናቸውን አንሥታ ጎንበስ እያለች ውሃውን መረመረች፤ በአንደኛው ላይ ስስ የአቧራ ሽፋን ብታይ ደፍታ፣ አጥባ፣ እንደ ገና ሞላችው።

ጋኖቹ ሱዳኖች ዚር የሚሏቸው ናቸው፤ ታቻቸው ሾጠጥ ያለ፣ ገላቸው ላብ እያወጣ በውስጣቸው ያለውን ውሃ የሚያቀዘቅዝ። በዚያ አገር ሰው ለሞተበት ዘመዱ ሰደቃ ብሎ ከደጁ ላይ ዚር ያቆማል፤ መንገደኛ ማንንም ሳያስፈቅድ ቀድቶ ይጠጣል፤ ጠጥቶም «ለሙታናችሁ ምሕረት» ብሎ ያልፋል። የዘኪያን ጋኖች ያቆማቸው ባሏ ረሺድ ነበር፤ ያቆማቸው በሕይወት ሳለ ነው፤ ከሞተ ወዲህ ግን የመንገደኛው ምሕረት የሚወርደው ለራሱ ለረሺድ ሆነ።

የመንገዱ ግንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄድና ዘኪያ ደጅ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከሩቅ ሲያዩት የወለቀ ጥርስ ቦታ ይመስላል። ሰፈሩ ተሸንሽኖ ለየሰው በተሸጠ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ግንቡን ወደ መንገዱ እየገፋ አንዲት ክንድ ለመስረቅ ሲታገል፣ ረሺድ ብቻ ከራሱ ይዞታ ላይ አንድ ክፍል የሚያህል መሬት ወደ ውጭ ትቶ ግንቡን ከኋላ ሠራ፤ በተወው መሬት ላይ የኒም ዛፍ ተከለ፤ በዛፉ ሥር የብረት መቆሚያ አስበየደ፤ በመቆሚያው ላይ ጋኖቹን ደረደረ፤ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ በሰንሰለት አሰረ። ሰዎች ሳቁበት። «ሐበሻው መሬት በዛበት» አሉ።

ረሺድ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ልጅ አልነበራቸውም። ዘኪያ ጠዋት ጋኖቹን ትሞላለች፤ ከዚያ በኋላ የቀኑ ሥራ የሚያልቅ ያህል ቤቱ ዝም ይላል። ከግንቡ ጀርባ፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ ዝቅተኛ አልጋ አለ፤ እዚያ ተቀምጣ ልብስ ትጥፋለች ወይም ምስር ትለቅማለች፤ ሰንሰለቱ ሲንሿሿ ግን እጇ ቆም ይላል። ሰው ሳታይ በአጠጣጡ ትለያለች፤ የጡብ ሠራተኞቹ ሳይተነፍሱ ይጨርሳሉ፤ የተማሪ ልጆች ግማሹን ይረጫሉ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጣሳውን ያጥባል። ማናቸውንም በስም አታውቅም። «ለሙታናችሁ ምሕረት» ሲሉ ከግንቡ ወዲህ ሆና «አሚን» ትላለች፤ ድምፅዋን አይሰሙም፤ እሷም አታሰማም። ብዙ ቀን ከማለዳ እስከ መግሪብ ከአፏ የሚወጣው ቃል ያ ብቻ ነበረ።

አቧራው ባረፈ በማግሥቱ ሰንሰለቱ ተንሿሿ፤ አንድ ሰው ረጅም ጠጣ፤ ምሕረቱንም አለ። ዘኪያ አሚን ብላ ወደ ምስሯ ልትመለስ ስትል በሩ ተንኳኳ። ከደጅ የቆመው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ መሐንዲስ ነው፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች የብረት ሜትር ይዘው ግንቡን እያዩ ይነጋገራሉ።

«ሰላም ዐለይኩም፣ ኻላ» አለ በአረብኛ፤ ታላቅ ሴትን አክስቴ እንደ ማለት ነው። «ከውሃ መሥሪያ ቤት ነው የመጣነው። ቦታውን እንድንለካ...»

አልጨረሰውም። ፊቷን አየ፤ ከዚያ ባልጠበቀችው ቋንቋ፣ «ዘኪዬ?» አለ። «አንቺ ዘኪዬ ነሽ? እኔ ሁዘይፋ። እኔ ትልቅ ሆነ።»

ዘኪያ በሩን ያዘች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ወጥታ፣ በሰባ ስምንት ካርቱም ገብታ፣ መጀመሪያ የተቀጠረችው አል-ጣኢፍ ሰፈር ነበር፤ ያኔ የአል-ጣኢፍ ቪላዎች ገና እየተሠሩ ነበሩ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ሁዘይፋ አራት ዓመት ገና አልሞላውም ነበርና እናቱ ሥራ ስትውል ከዘኪያ ጀርባ ላይ ሆኖ አማርኛ ለመደ። ረሺድን አግብታ ስትወጣ ልጁ በሩን ይዞ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አማርኛው ትታው በሄደችበት ዕድሜ ላይ ቆሞ ኖሯል።

«ቁመትህ አድጎ አማርኛህ ቀረ» አለችው፤ ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለ። «ግባ እንጂ! ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ በር ላይ ያቆምኩህ ባዳ ነህ?»

ገባ። ሠራተኞቹ በውጭ ለኩ፤ እሱ ዝቅተኛው አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ ትምህርቱ ነገራት፤ ቀጥሎ አንገቱን አቀርቅሮ የመጣበትን ነገር በአረብኛ አስረዳት። ነገሩ ይህ ነው። በዚያ ዘመን አል-ጣኢፍና መሰሎቹ ከቧንቧ ሲጠጡ ሐጅ ዩሱፍ ግን ገና በአህያ ጋሪ፣ ካሮ በሚሉት፣ ከሚዞር በርሜል ይገዛ ነበር፤ የበርሜሉም ዋጋ ከቧንቧው እጅግ ይበልጣል፤ ድሃው ከሀብታሙ አብልጦ ለውሃ ይከፍላል። መሥሪያ ቤቱ ሰፈሩን መርምሮ ጣፋጭ ውሃ ከዚህ መንገድ ሥር አገኘ፤ ጉድጓድ ሊቆፍር፣ ከፍ ያለ የብረት ታንከር ሊያቆም፣ ቧንቧ ሊዘረጋ አቀደ። ክፍያውም ወደ ቤት በሚገባው ቧንቧ ውፍረት ልክ እርከን ወጥቶለታል። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ቦታ የዘኪያ ግቢ ነው።

«ሰፈሩ ውሃ ያግኝ» አለች ዘኪያ ቶሎ። «እኔ ምን አገባኝ? ሌላ ቦታ ይሰጡኝ የለ?»

«ችግሩ እሱ ነው፣ ዘኪዬ።» ወደ ግንቡ አመለከተ። «ደንቡ ይዞታው ከሁለት መቶ ካሬ ሜትር ለማያንስ ሰው ምትክ ቦታ ይሰጣል። ካነሰ የጡቡንና የቆርቆሮውን ግምት ብቻ። ሰነዱ ላይ ያለሽ መሬት ይበቃል። ነገር ግን ባለቤቱ በፈቃዱ ለሕዝብ የለቀቀው ከስፋቱ ይቀነሳል ይላል፤ ግንቡ ውጭ ያለው፣ ዛፉና ጋኖቹ ያሉበት፣ ከተቀነሰ አይበቃሽም። የሚመጣው ሐሙስ የገማቾቹ ለጅና፣ ኮሚቴው፣ እዚህ ይቀመጣል። ሰብሳቢው ይጠይቅሻል። ‹ግቢዬ ነው፤ ለመንገድ አልሰጠሁትም፤ ጋኖቹም የራሴ ናቸው› ብቻ በይ። ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ይህን ብሎ ሲነሣ እጇን ሳመ። ከወጣ በኋላ የሰንሰለቱን ድምፅ ጠበቀች፤ ሌላ ግን ማንም አልመጣም።

በማግሥቱ ጁምዓ ነበርና ወዳጇ ናስራ በአል-ጣኢፍ ከምትሠራበት ቤት ዕረፍት ወጥታ በአውቶቡስ መጣች። ናስራ ከዘኪያ በዕድሜ የምታንስ፣ በአፍ ግን የምትበልጥ፣ የወረባቦ ሴት ናት፤ ቶብ የሚሉትን መጠቅለያ ልብሷን አውልቃ ሳትቀመጥ ጉዳዩን ሰማች፤ ሰምታም እጇን አጨበጨበች።

«አልሐምዱሊላህ! ከተማው በሙሉ ዘመድ ሹም ፈልጎ ሲያጣ ጀርባሽ ላይ ያደገ ልጅ ሹም ሆኖ መጣ። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ማን አለቀሰ?»

«ፊትሽ የተጨመቀ ሎሚ መስሏል እኮ፣ እትዬ። አንዲት ቃል ነው። የኔ ነው፤ ኸላስ፣ በቃ።»

«የኔ ከሆነማ እላለሁ።»

«የማን ነው ታዲያ? የሟች ነው? ሟች ቦታ ምን ያደርግለታል? ጀነት ውስጥ ኪራይ የለም!»

«ሄደሽ አየሽው?»

«አልሄድኩም፤ ግን ኪራይ ካለበት ምኑን ጀነት ሆነ?»

ዘኪያ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት። ረሺድ ካሮ ነጂ ነበር፤ በርሜሉን በአህያ እየጎተተ ውሃ ሲሸጥ ኖሯል። ዓባይ ሞልቶ ካርቱምን ባጥለቀለቀበት በሰማንያው ክረምት፣ የጭቃው ቤት ሁሉ ፈርሶ ሕዝቡ ከፍ ባለ ቦታ ሁሉ በሰፈረ ጊዜ፣ ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆኖ የሚጠጣ ውሃ ጠፋ፤ ያን ጊዜ ካሮ ነጂዎች የበርሜሉን ዋጋ እንደ ልባቸው ሰቀሉት፤ ረሺድም እንደ ባልንጀሮቹ ሰቀለው። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ አንድ ጣሳ ለመነችው። «በጣሳ አይሸጥም፤ በበርሜል ነው» ብሏት አህያውን መታ። ሕፃኑ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ሊያውቅ ተመልሶ ሄዶ ነበር፤ ሰፈራው ግን ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ አገኘው። ይህ ግቢ የተገዛው በዚያ ክረምት ውሃ ነው። ግንቡን ሲሠራ መሬት ከፍሎ ለውሃ የለቀቀውም ስለዚህ ነው።

«‹ውሃ ሸጬ ያገኘሁትን መሬት ለውሃ መለስኩ› ይል ነበር» አለች ዘኪያ። «አሁን እኔ ‹አልሰጠንም› ብል፣ ያን የሰጠውን መልሼ ሸጥኩበት ማለት አይደለም?»

ናስራ ቶቧን ከአልጋው አንሥታ አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው።

«አላህ መሓሪ ነው፤ ልቡን አይቶለታል» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንቺ ግን ነገ ጉልበትሽ ይደክማል። ወልደሽ አላሳደግሽ፤ ወሎ ወንድም እህት የለሽ። ይህ ግቢ ነው ልጅሽም ወንድምሽም። ረሺድ ቢኖር ሜዳ ላይ ስትወድቂ ይወድ ነበር? እስቲ እሱን ጠይቂው።»

ዘኪያ ምስሯን በእጇ አንሸራሸረች። ናስራ እውነት ተናግራለች። ሌላ ቦታ ካገኘች እዚያም ጋን ማቆም ትችላለች፤ ግንቡንም እንደ ረሺድ ወደ ውስጥ ታሠራዋለች፤ አላህ ውስጡን ያያል።

«እላለሁ» አለች። «ኢንሻአላህ፣ የኔ ነው እላለሁ።»

«አብሽሪ!» ብላ ናስራ ጉንጯን ሳመቻት።

ሐሙስ ጠዋት ለጅናው መጣ። ጎረቤቷ ሉጥፊያ፣ የስድስት ልጆች እናት የሆነች ትልቅ ድምፅ ያላት ሱዳናዊት፣ ወንበሮቿን ሁሉ አውጥታ በኒሙ ዛፍ ሥር ደርድራለች፤ ምስክር እንድትሆንም ተጠርታለች። የሰፈሩ ሰው በሁለት ልብ ቆሟል፤ ሕዝቡ ታንከሩን ይፈልጋል፤ ዘኪያ እንድትጎዳም አይፈልግም፤ ስለዚህ ሁሉም ፍርዱን ይጠብቃል። የለጅናው ሰብሳቢ ኡስታዝ ሙስዐብ ይባላሉ፤ ነጭ ጀለቢያና ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ብዙ ዘመን በመሬት ክርክር ላይ የፈረዱ፣ ያለ ማስረጃ አንዲት ክንድ የማይሰጡ ያለ ማስረጃም አንዲት ክንድ የማይነሡ ሰው ናቸው። ሁዘይፋ ከአጠገባቸው ቆሞ የቦታውን ንድፍ ይዟል፤ ዓይኑ ዘኪያ ላይ ነው።

መኪናቸው ከዋናው መንገድ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮባቸው ኖሮ ኡስታዙ በእግር መጡ፤ ጥምጥማቸው በላብ ረጥቧል። ከመቀመጣቸው በፊት በቀጥታ ወደ ጋኖቹ ሄዱ፤ ክዳኑን አነሡ፤ በጣሳው ቀዱ፤ ቁጢጥ ብለው በቢስሚላህ ጠጡ፤ ደገሙ። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «አላህ ሙታናችሁን ይማር፤ የዚህን ውሃ ባለቤት ከጀነት ምንጭ ያጠጣው» አሉ።

«አሚን» አለ ሕዝቡ።

«አሚን» አለች ዘኪያ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንቡ ወዲያ ሆና፣ ሰው እየሰማት፣ አለች።

ኡስታዙ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉ፤ በአላህ ስም ጉባኤውን ከፈቱ፤ ደንቡንም ጮክ ብለው አነበቡ። ቀጥለው ወደ ሉጥፊያ ዞሩ።

«ሉጥፊያ ሆይ፣ ይህ ዛፍና ጋኖቹ ያሉበት ቦታ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው ወይስ የባለቤቲቱ ግቢ?»

«የግቢዋ ነው፣ ያ ሸይኽ» አለች ሉጥፊያ ያለ ማመንታት። «ጋኖቹም የወጥ ቤቷ ናቸው። ወጥ የምትሠራው በነሱ ውሃ ነው።»

«ወጥ ቤቷ መንገድ ላይ ነው?»

«ቤቷ ይሞቃል!»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ኡስታዙም ከጢማቸው ሥር ፈገግ አሉ። «አሁን የጠጣሁት ከወጥ ቤቷ ነው በይኛ፤ ሳላስፈቅድ ገብቼ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ ቃልሽ ትምያለሽ?»

ሉጥፊያ ቀኝ እጇን ማንሣት ጀመረች።

«ሉጥፊያ፣ በአላህ፣ በኔ ምክንያት አትማዪ» አለች ዘኪያ።

ሳቁ ተቋረጠ። ኡስታዙ ወደ እሷ ዞሩ፤ ከወንበራቸውም ለአክብሮት ትንሽ ብድግ አሉ። «እንግዲያው እርስዎ ይንገሩን፣ ሐጃ። ይህ መሬት የማን ነው?»

ዘኪያ ቃሉን ከጁምዓ ጀምሮ ስትለማመደው ሰንብታለች፤ ጠዋት እንኳ ጋኖቹን እየሞላች በአፏ ብላዋለች። አሁን ግን የኡስታዙ ጢም ገና እርጥብ ነው፤ ጠብታዋ ጀለቢያቸው ላይ ወርዳ ትታያለች። ለረሺድ የተጸለየው ጸሎት ከአየሩ ላይ ገና አልወረደም። የዚያ ጸሎት አሚን የወጣበት አፍ እንዴት ዞሮ አልሰጠንም ይላል?

«ዘኪዬ» አለ ሁዘይፋ በዚያች በልጅነት አማርኛው፤ ከተሰበሰበው ሰው አንድም የሚረዳው አልነበረም። «የኔ በይ። ዘኪዬ፣ እባክሽ፣ የኔ በይ።»

አየችው። በሕፃንነቱ ሌላ ልጅ መጫወቻውን ሲነካበት «የኔ! የኔ!» እያለ ሲጮህ ያባበለችው እሷ ነበረች። አሁን እሱ ለእሷ ሊጮህላት ፈለገ፤ ቃሉ ግን ከእሷ አፍ መውጣት ነበረበት።

«መሬቱ የባሌ የረሺድ ነበር» አለች በአረብኛ፤ ቀስ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ግንቡን ሲሠራ ከዚህ እስከ መንገዱ ያለውን ለጠማው ሰው ብሎ ለቀቀው። እኔ ጋኑን እሞላለሁ እንጂ ባለቤት አይደለሁም። ሟች የሰጠውን አልነሣም።»

አንድ ሰው ከኋላ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለ። ሉጥፊያ የቶቧን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ኡስታዝ ሙስዐብ ደንቡ የተጻፈበትን ወረቀት አጠፉ።

«ሐጃ» አሉ፣ «ቃልዎ የሚያስከትለውን ያውቃሉ? ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ ልለውጠውም አልችልም።»

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ታንከሩ ሲቆም ከግንቡ ውጭ፣ እዚችው ቦታ ላይ፣ ለመንገደኛ አንድ ቧንቧ ይውጣለት።»

ኡስታዙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታሪፉ ለመኖሪያ ቤት እርከን አለው፤ ለሱቅ አለው፤ ለፋብሪካ አለው፤ ለእርሻም አለው። ለመንገደኛ ግን የወጣ እርከን የለም። ያለ ከፋይ ቧንቧ መክፈት አይቻልም፤ ይህን ስነግርዎ አፍራለሁ።»

«ከመኖሪያ ቤት እርከን ይመዝገብ» አለ ሁዘይፋ። ድምፁ ጎርነን ብሎ ወጣ። «ከፋዩ እኔ ነኝ። በኔ ስም።»

ኡስታዙ አዩት፤ ዘኪያንም አዩ፤ ሊጠይቁ የፈለጉትን ሳይጠይቁ ጉባኤውን በፋቲሓ ጸሎት ዘጉ። ሰውም ከመበተኑ በፊት ተራ በተራ ወደ ጋኖቹ እየሄደ ጠጣ፤ የጠማው አልነበረም፤ ሌላ የሚያደርግላት ነገር ስላጣ ነው። አንዱ ሲጠጣ፣ ሌላው ጣሳውን ሲቀበል፣ እሷ ከዛፉ ሥር ቆማ «አሚን» ስትል፣ ጋኖቹ በረፋዱ ባዶ ሆኑ።

ከሐምሌ በፊት ግቢው ፈረሰ። ሉጥፊያ ከእኛ ጋር ኑሪ አለቻት፤ ስድስት ልጆች ባሉበት ሁለት ክፍል ውስጥ ሰባተኛ መሆንን አልወደደችም። ሳጃና ሰፈር ያሉ የአገሯ ሰዎች ዘንድ አንድ ክፍል ተከራይታ ጥቂት ወራት ኖረች፤ የጡቡ ግምት ሲያልቅ የሁዘይፋ እናት መልእክት ላከችባት፤ «ክፍልሽ እንደ ነበረ ነው፤ እንግዳ ሆነሽ ኑሪ» አለቻት። ዘኪያ እንግዳ መሆን አልፈልግም፣ ሠርቼ እበላለሁ ብላ፣ በወጣትነቷ ወደ ወጣችበት ወደ አል-ጣኢፍ ተመለሰች።

የአል-ጣኢፉ ቤት ቧንቧ ከእርከኖቹ ሁሉ በወፍራሙ የተመዘገበ ነበር፤ ሣሩ ይጠጣል፤ መኪናው ይታጠባል፤ ዕቃ ስታጥብ ውሃው እጇ ላይ ሲፈስ ይከብዳታል። ሁዘይፋ ማታ ከሥራ ሲመለስ ወደ ኩሽና ብቅ ይላል፤ አማርኛውን ታስተካክልለታለች፤ «ትልቅ ሆንኩ» ማለት ተምሯል። ሲሄድ ኩሽናው ዝም ይላል። ግንቡ ረጅም ነው፤ በላዩ ሽቦ አለው፤ ከወዲያ የሚያልፍ ሰው አይሰማም፤ ቢሰማም በመኪና ውስጥ ነው። አሚን የሚያሰኛት ጠፋ። በአምስቱ የሶላት ወቅት መካከል ያለው ሰዓት እንደዚያ ዘመን ረዝሞባት አያውቅም።

የሰሜኑና የደቡቡ ሰላም በተፈረመ በዓመቱ፣ ካርቱም በነዳጅ ገንዘብ አዲስ ድልድይና አዲስ ሕንፃ በምታቆምበት ወራት፣ የሐጅ ዩሱፍ ታንከር ተመረቀ። ከበሮ ተመታ፤ በሬ ታረደ፤ ከወረዳው ሹማምንት አንዱ ከመድረክ ላይ ሆኖ፣ «ይህ ሥራ ከሌላው ሁሉ የሚለየው ለመሬቱ መንግሥት አንዲት ዲናር ሳያወጣ መሠራቱ ነው!» ብሎ ተናገረ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ዘኪያን ማንም አልጠራትም፤ ያን ሰዓት የእንግዳ አልጋ ልብስ ትተኩስ ነበር። ናስራ ግን ከሕዝቡ መካከል ነበረች፤ ከዚያ በቀጥታ በባለ ሦስት እግር ረክሻ መጥታ፣ ቶቧ በአቧራ ተሸፍኖ፣ በኩሽናው በር ገባች።

«አንዲት ዲናር ሳናወጣ አለ! አፉን ሞልቶ! ድንጋይ ብወረውርበት ምን ነበረበት! እትዬ፣ ሰው ሁሉ እኮ አጨበጨበለት፤ ባንቺ ጋን ሲጠጣ የኖረ ሁሉ!»

ዘኪያ መተኮሻውን ከልብሱ ላይ አንሥታ አቆመችው።

«ምን አጠፋ?» አለች። «እውነቱን ነው። አልሸጥነውም።»

ሁዘይፋ በዚያ ሥራ ላይ እስከ ቆየ ድረስ ከታንከሩ ግንብ ውጭ ያለው ቧንቧ ይፈስ ነበር፤ ኑሮ አስገድዶት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ከሄደ በኋላ ግን ምዝገባው ተቋረጠ፤ ቧንቧውም ተቆረጠ፤ ለመንገደኛ የወጣ እርከን ስላልነበረ የሚከራከርለት አልተገኘም። ዘኪያ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በካርቱም አረፈች፤ ጀናዛዋን የሸኙት ናስራ የሰበሰበቻቸው ጥቂት የወሎ ሰዎችና ከሐጅ ዩሱፍ በአውቶቡስ የመጡት የሉጥፊያ ልጆች ናቸው።

ስለዚያ ዘመን ካርቱም የሚጽፉ ሰዎች ስለ ነዳጁ፣ ስለ ድልድዮቹ፣ ስለ ሰላሙ ፊርማ ይጽፋሉ፤ ስለ ውሃው የሚጽፍ ቢኖርም የታንከሩን ከፍታና የታሪፉን እርከኖች ይመዘግባል። በታንከሩ በር ላይ የተለጠፈው የዕብነ በረድ ጽሑፍ የመራቂውን ማዕረግ፣ ቀኑንና ዓመቱን ይዟል። ሐጅ ዩሱፍ ከቧንቧ ይጠጣል፤ የበርሜሉ ጋሪ ከሰፈሩ ጠፍቷል፤ ይህ ደግ ነገር ነው፤ የዘኪያም ምኞት ይኸው ነበር። ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ግን ታሪክ አልጠየቀም፤ መሬቱን ያገኘው በነጻ ነበርና መጠየቅ እንዳለበትም አላወቀም።